«ለድምፁ ጆሮ አይስጡት» ላሉኝ ክቡር ሰብሳቢ

ለባቡር ድርጅቱ የሠራተኞች ጤና ብቃት ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከፍ ዝቅ የሚል ጆሮን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበሩት የኮሚቴው አባላት፣ እንዲሁም ማመልከቻዎቼን ሁሉ ሳይሰለቹ ተቀብለው ሳይሰለቹ መሳቢያ ውስጥ ለሚያስቀምጡት ጸሐፊዎ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ የተሟላ፣ በተለይም ጆሮዎ ጭር ያለና ሰላም የሰፈነበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህን ለወጉ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎ። ጭር ያለ ጆሮ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ካጣሁት ወዲህ ስለሆነ፣ ዛሬ ለወዳጅም ለጠላትም ከዚህ የበለጠ የምመኘው ነገር የለኝም፤ እርስዎን ከሁለቱ በየትኛው እንደምመድብዎ ስላልወሰንኩ ምኞቱን በጅምላ አቅርቤዋለሁ።

በኮሚቴው ፋይል ውስጥ ስሜ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስለተመዘገበ ሦስት የተለያዩ በሽተኞች እንዳልመስልዎ እሰጋለሁና ራሴን ላስተዋውቅ። አንድ ሰው ነኝ። በዚህ ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የባቡር ጎማ በመዶሻ እየመታሁ በማዳመጥ ኖሬያለሁ። የጠዋቱ የአንድ ሰዓት ተኩል ባቡር ስምንት ፉርጎ አለው፣ አንዱ ፉርጎ ደግሞ ስምንት የብረት ጎማ፤ ስለዚህ በየማለዳው መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት ሐዲዱን ተከትዬ ጎንበስ ቀና እያልኩ ስልሳ አራት ጎማ እመታለሁ። ደህና ጎማ ሲመቱት ረዘም አድርጎ ይጮሃል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለችበት ጎማ ግን ቷ ብሎ ዝም ይላል። ስንጥቋን ዓይን አያያትም፣ እጅም አይዳስሳትም፣ ጆሮ ብቻ ነው የሚያውቃት። ስጨርስ «ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ደህና ናቸው» የሚለው ቅጽ ላይ ፈርሜ ለባቡር ነጂው እሰጣለሁ፤ ያለዚያች ፊርማ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት የተሰነጠቀ ጎማ ይዤ ስለማውቅ የጣቢያው ሰው በስሜ አይጠራኝም፣ «ጆሮው» ነው የሚለኝ። በፊት ስሙ ያኮራኝ ነበር፤ አሁን በተጠራሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል።

ከአሥራ አራት ወር በፊት አንድ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ቧንቧውን ዘጋሁት፤ ውኃው ግን መፍሰሱን አላቆመም። ይበልጥ አጠበቅሁት፣ አሁንም ሽሽሽ ይላል። ባለቤቴን ጠርቼ ይህ ቧንቧ ያፈሳል ብላት እጇን ከሥሩ ዘርግታ፣ የቱ ጋ ነው የሚያፈሰው፣ ደረቅ ነው እኮ ብላ በሐዘኔታ አየችኝ። የዚያን ቀን የጀመረ ድምፅ ይኸው እስካሁን አለ። ሥራ ቦታ ስናገር የፉርጎዎቹን የአየር ቱቦ የሚያያይዘው ባልደረባዬ ጆሮህ የሚጮኸው ሰው እያማህ ነው ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ያለ ምሳ ዕረፍት የሚያማኝ ሰው ካለ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ እንደዚያ ያለ ትጉህ ሠራተኛ በድርጅታችን ውስጥ እንደሌለ እኔም እርስዎም እናውቃለን።

ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር። ሰው የማይለምደው ነገር የለም ይባላል፤ እኔ ግን ነገ ማን ሆኖ እንደሚመጣ የማላውቀውን ነገር እንዴት አድርጌ ልልመደው? አንድ ቀን ራቅ ያለ ክፍል ውስጥ እንደተረሳ ማንቆርቆሪያ ቀስ ብሎ ሲር ይላል፤ በነጋታው ጥርሴ እስኪነዝረኝ ጭው ብሎ ይውላል። ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር እሰጠዋለሁ። ትናንት ሁለት የነበረው ዛሬ ዘጠኝ ይሆናል፤ ለምን ብዬ ብጠይቀው መልስ አይሰጥም፣ በዚህ በዚህስ ከኮሚቴዎ ጋር ሳይመሳሰል አይቀርም። ጨው ተውኩ፣ ዘጠኝ ሆነ። ጨው በላሁ፣ ሦስት ሆነ። ሻይ ተውኩ፣ በቀኝ ጎኔ ተኛሁ፣ ቀበቶዬን አላላሁ፣ አንገቴን አሳሸሁ። አንዱንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የጆሮ ሐኪሟ በትሕትና አስቀምጣ እንዳስረዳችኝ፣ ድምፁ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ከራሴ የሚመነጭ ነው፤ ምናልባት የሃያ ሁለት ዓመት መዶሻ ያመጣው ይሆናል፤ ከፍና ዝቅ ማለቱም የታወቀ ነገር ነው፤ ማጥፊያ የለውም። «በሚብስበት ቀን በማዳመጥ ሥራ ላይ ባይሰማራ» ብላም ወረቀት ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ ሰጥታኛለች።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እፈራለሁ። የምፈራው ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ነው። ከእንቅልፌ ስነቃ ትራሴ ላይ እንዳለሁ ሳልንቀሳቀስ ዛሬ ስንት ነው ብዬ አዳምጣለሁ፤ ዝቅ ያለ ሲሆን እንዳይሰማኝና እንዳይነሳብኝ ይመስል ትንፋሼን እንኳ ቀስ አድርጌ ነው የማወጣው። ከፍ ያለ ሲሆን ደግሞ በዚሁ ቢቀርስ እላለሁ። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያህል አልቀረኝም፤ አልጋዬ ላይ እንደ ሕፃን ስፈራ ባለቤቴ እንዳታይብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ይህን ካልኩ በኋላ ኮሚቴው እስካሁን ያደረገልኝን ውለታ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «በየጠዋቱ የሚነሳብኝን ጩኸት ይመለከታል» በሚል ርዕስ ያቀረብኩትን ማመልከቻ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ርዕሱን ብቻ አይታ፣ ጩኸት ከሆነማ የድምፅ ብክለት ጉዳይ ነው ብላ ወደ ከተማው ድምፅ ቁጥጥር ስለመራችው ላቅ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በዚህም የተነሳ ሁለት የተከበሩ ባለሙያዎች መለኪያ ይዘው ቤቴ ድረስ መጥተዋል። መለኪያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሁላችንም ዝም እንድንል ካዘዙ በኋላ፣ አንደኛው ጩኸቱ ከየት ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በጣቴ ወደ ጭንቅላቴ አመለከትኩ። እሱም ጣቴን ተከትሎ ቀና አለና «ከላይኛው ፎቅ» ብሎ መዘገበ። አይ፣ ከራሴ ነው ስለው፣ እሺ እሺ፣ ከራስዎ በላይ ነው ብሎ አረጋጋኝ። በውጤቱ መሠረት የቤቴ ድምፅ ከተፈቀደው መጠን በታች መሆኑ በደብዳቤ ተገልጾልኛል። ከላዬ የሚኖረው ልብስ ሰፊም ባልዋለበት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ምስኪኑ የስፌት መኪናውን እግሮች በጨርቅ ጠቅልሏል፣ እኔን ሰላም ማለትም ትቷል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ታክኮ ያልፈኛል፤ ላስረዳው ስሞክር ደግሞ ለካ ጆሮህ ይህን ያህል ቀጭን ነው የሚል ፊት ያሳየኛል። የአሥራ ስድስት ዓመት ጉርብትና በአንድ ጣት ጥቆማ ሄደ።

ሁለተኛ፤ ስሕተቱ ታርሞ ወደ ሕክምና ክፍል በተላክሁ ጊዜ የተደረገልኝን ምርመራ በተመለከተ ነው። ዕድሌ ሆኖ የምርመራው ዕለት ጆሮዬ አንድ ነበር። አንድ! ከወራት በኋላ ያገኘሁት ንጹሕ ቀን ነበር፤ ድምፅ በማያስገባው ክፍል ውስጥ ማዳመጫውን አድርጌ እያንዳንዷን ጢት ጢት ለቀምኳት። መርማሪው እንዲህ ያለ ጆሮ በዚህ ዕድሜ አይቼ አላውቅም ሲለኝ፣ እባክህ ዘጠኝ በሆነበት ቀን መጥቼ እንደገና እየኝ ብዬ ለመንኩት። ቀጠሮ በስድስት ወር ነው፣ ከዚያ በፊት ከፈለግህ ቀኑን አስቀድመህ አስመዝግብ አለኝ። ቀኑን እኔ እንደማልመርጠው ባስረዳው፣ ታዲያ ማን ነው የሚመርጠው አለኝ። ቅጹ ላይ «የድምፁ መጠን (ከ1–10)» የሚል አንድ ትንሽ ሣጥን ብቻ አለ፤ ሁለት ቁጥር ብጽፍ ኮምፒዩተሩ አይቀበለኝም ብሎ አማካዩን ጠየቀኝ፣ እኔም ሳልነግረው ራሱ ደምሮ አካፍሎ «5» ብሎ ሞላው። ለካ እስከ ስድስት ድረስ ለሥራ ብቁ ነው። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ የሒሳብ ችሎታ ያለኝ አድናቆት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጎማ በአማካይ አይሰበርም። ሲሰበር በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ሰው ጭኖ ነው የሚሰበረው።

ሦስተኛ፤ የሐኪሟን ወረቀት አያይዤ፣ ጆሮዬ በሚብስበት ቀን ያ የአየር ቱቦ የሚያያይዘው ባልደረባዬ ተክቶኝ መዶሻውን እንዲይዝ፣ እኔም የሱን ሥራ እንድሠራለት ጠይቄ ነበር። ልጁ ጎበዝ ነው፤ አራት ዓመት አጠገቤ ቆሞ ለምዶታል፣ ፈቃደኛም ነው፤ ከድርጅቱ የሚጠየቀው ጠዋት ጠዋት አንድ ቃል ብቻ ነበር። ክቡርነትዎ በፊርማዎ በላኩልኝ መልስ፣ የሥራ መደቡ ሠራተኛ የሚሰማ ወይም የማይሰማ መሆኑን እንጂ አንዳንዴ የሚሰማ ሠራተኛን እንደማያውቅ ከገለጹ በኋላ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ከአባታዊ ምክር ጋር «ለድምፁ ጆሮ አይስጡት» ብለውኛል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልቆጠርኩም። ባለቤቴ ሳቋ አፍኗት ከክፍሉ ወጣች። ለመሆኑ፣ ክቡር ሆይ፣ ሌላ ምን ልስጠው? ሳልሰጠው የወሰደውን እንዴት አድርጌ ልከልክለው? ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ጆሮ አለመስጠት ከባድ እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነው፤ ለእርስዎ ግን እንዴት እንደቀለለዎት ብሩህ ምሳሌ ሆነውኛልና አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ማክሰኞ የሆነውን ነው። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል፤ ይታገሱኝ።

የዚያን ቀን ስነቃ ጆሮዬ ዘጠኝ ነበር። ብቁ ነህ ተብያለሁና መዶሻዬን ይዤ ሄድኩ። ጎማዎቹን ከመጀመሪያው ፉርጎ ጀምሬ መታሁ፤ አንዱ ጮኸ፣ ቀጣዩም ጮኸ፣ ሁሉም ጥርት አድርገው ጮኹ። እንዲያውም ዛሬስ ከጩኸቴ ጋር ታግዬ አሸነፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ስልሳ አራቱን ጨርሼ ፈረምኩ፣ ቅጹን ለባቡር ነጂው ሰጠሁት፣ እሱም እንደ ወትሮው በርታ ጆሮው ብሎኝ ወጣ። ስመለስ መዶሻውን ከትከሻዬ ሳወርድ፣ ከሐዲዱ ዳር የተተከለውን የአጥር እንጨት ሳላስበው መታሁት።

እንጨቱ ጮኸ።

እንጨት፣ ክቡር ሆይ! እንደ ደህና ጎማ ረዘም አድርጎ፣ ጥርት አድርጎ ጮኸ። ደግሜ መታሁት፣ ደግሞ ጮኸ። ለሦስተኛ ጊዜ መዶሻውን አንስቼ ሳልመታ አየር ላይ ያዝኩት፤ አሁንም ይጮሃል። ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ሁሉ ጎማ ስመታ መልስ ይሰጠኝ የነበረው ጎማው ሳይሆን የራሴ ጆሮ ነው። የተሰነጠቀም ቢኖር፣ ግማሹ የተገመሰም ቢኖር፣ እኔ ጆሮ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ነበር የሚጮኸው። ከስልሳ አራቱ አንዱንም አልሰማሁም፤ ለሁሉም ግን ፈርሜያለሁ።

ቀና ስል ባቡሩ ተንቀሳቅሷል። ልጄ ጎረቤት ከተማ ፋርማሲ የምትማር፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ በየቀኑ በዚህ ባቡር ነው የምትሄደው። በሦስተኛው ፉርጎ መስኮት እንደ ወትሮዋ እጇን አውለበለበችልኝ። ቁሚ፣ ውረጂ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ ተሳሰረ። እሷማ ሰላም ያልኳት መስሏት ሳቀችልኝ። እንዴት ሮጬ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ብቻ አስቁሙት፣ አልሰማሁም፣ አስቁሙት እያልኩ ጠረጴዛውን በጡጫ ስደበድብ እንደነበር በኋላ ሰው ነግሮኛል። ባቡሩ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆመ፣ ጎማዎቹ በባትሪ መብራት ታዩ፣ ምንም አልተገኘም። በነጋታው ጆሮዬ ሁለት ሲሆን ተመልሼ እነዚያኑ ጎማዎች አንድ በአንድ መታኋቸው፤ ሁሉም ደህና ነበሩ። ሐዲዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተረፍን፤ ግን ያተረፈን እኔ አይደለሁም።

ለዚህ ድርጊቴ «ያለ በቂ ምክንያት መንገደኞችን በማጉላላት» የሚል የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስለደረሰኝ አመሰግናለሁ። ለወደፊቱ ምክንያቴ በቂ እንዲሆን ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ በመመሪያ ቢገለጽልኝ ግን ሥራዬን ያቀልልኛል።

አምስተኛው የኮሚቴው ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው። የሌላውን ሰው ኃጢአት ዘርዝሬ የራሴን ብደብቅ ደግ አይሆንምና እዚሁ አደባባይ ላይ እናገረዋለሁ።

ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ልጄ ጠዋት በሩ ላይ ቆማ፣ ዛሬ ስንት ነው አባዬ ትለኛለች። እስከ አምስት ከሆነ በባቡሩ ትሄዳለች፤ ከዚያ ካለፈ ቁርሷን በእጇ ይዛ ወደ አውቶቡስ ትሮጣለች። ማንም አላዘዘንም፣ ለማንም አልነገርንም፤ ሁለታችን ተስማምተን ያደረግነው ነው። እኔም ጥሩ አባት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ በሆነበት አንድ ቀን እሷን በአውቶቡስ ልኬ፣ መዶሻዬን ይዤ፣ ምንም እንደማልሰማ እያወቅኩ ስልሳ አራቱንም መታሁ። የመዶሻውን እጀታ በጥርሴ ነክሼ ንዝረቱን ለመያዝ ሞከርኩ፤ ጥርሴ ራሱ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አልለየውም። አንድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል፣ ሁለተኛው ከደሞዝ ነው፣ ሦስተኛው ከሥራ ነው ብዬ ፈረምኩ። ዘወር ስል የልጄ የክፍል ጓደኛ ባቡሩ በር ላይ ቆማለች። ጋሼ፣ ዛሬ የት ቀረችብኝ አለችኝ፤ ከአፏ ንቅናቄ ነው የገባኝ። ትንሽ አሟት ነው አልኳት። ውይ፣ ይማራት አለችና ለመውጣት ስትሞክር ደረጃው ከፍ ስላለባት በመጽሐፍ የተሞላ ቦርሳዋን ተቀብዬ፣ እጇን ይዤ አሳፈርኳት።

በገዛ እጄ አሳፈርኳት። የራሴን ልጅ ከማወርድበት ባቡር ላይ የሰው ልጅ ደግፌ አወጣሁ። እሷም አመሰገነችኝ።

ባቡሩ መድረሱ እስኪነገር ድረስ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስልኩ ሲጠራ አልሰማሁትም፤ ኃላፊው ነው፣ በሰላም ገብቷል፣ ምን ሆነሃል፣ ፊትህ ዐመድ መሰለ ያለኝ። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ ነበር፤ እሷ ግን ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ልጅ በሩቅ ሳያት እንደ ሌባ እደበቃለሁ። በዚያ ባቡር የሚሄደው አራት መቶ ሰው ነው፤ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሞ ዛሬ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው አባት ያለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ሥራውን አይለቅም ይሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ስንት ቀን ከራሴ ጋር ተሟግቼበታለሁ። ብለቅ መደቡ እንደሚታጠፍና ቅጹን ከዚያ በኋላ ከቢሮ የሚፈርመው ሰው እንደሚመደብ ከአሁኑ ተነግሮኛል፤ ያ ሰው በሕይወቱ መዶሻ ጨብጦ አያውቅም። በጸጥታው ቀን ደግሞ ጆሮዬ አሁንም ጆሮ ነው። ባለፈው ወር ሁለት በሆነበት ቀን በአምስተኛው ፉርጎ አንድ ጎማ ቷ ብሎ ዝም አለብኝ፤ ተፈትቶ ሲታይ ስንጥቁ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። አሥራ ሁለተኛዬ ነው። ያን ቀን ዘጠኝ ሆኖ ቢሆንስ ኖሮ? እንግዲህ በሁለት ቀኔ ብቀር ሰው ይጎዳል፣ በዘጠኝ ቀኔ ብገኝ ሰው ይጎዳል፤ የምጠይቀው ቀኖቹ እንዲለዩልኝ ብቻ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ የሰማሁ ቀን «ሰምቻለሁ» ብዬ እፈርማለሁ፤ ያልሰማሁ ቀን «አልሰማሁም» ብዬ በጉልህ እጽፋለሁ፣ ባቡሩም በራሳችሁ ደንብ መሠረት አይነሳም። ባልደረባዬ መዶሻውን እንዲይዝ ከተፈቀደለት በአርባ ደቂቃ ውስጥ ይነሳል። ካልተፈቀደለት ደግሞ የሚፈርም እጅ ከቢሮ ፈልጋችሁ ማምጣታችሁ አይቀርም፤ እጅማ ሞልቷል። ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ በእጅዎ ብቻ ያላደረስኩት፤ መንገደኛው ከመሳፈሩ በፊት የዕለቱን ቅጽ አሳዩኝ ብሎ እንዲጠይቅ ጣቢያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ይህን ስጽፍ ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልዎ። ሥራዬን እንዳላጣ እፈራለሁ፣ ጡረታዬን እፈራለሁ፣ ነገ ጠዋት ትራሴ ላይ የሚጠብቀኝን ቁጥር እፈራለሁ፤ ዘጠኝ ሆኖ መጥቶ ዳግመኛ ሳይወርድ እንዳይቀር እፈራለሁ። ግን ያችን ልጅ እጇን ይዤ ሳሳፍራት የፈራሁትን ያህል አንዱንም አልፈራውም።

ለጤናዬ ስላሳዩት አርቆ አሳቢነት፣ ለጎረቤቴ ስለሰጡት ማስጠንቀቂያ፣ ለጆሮዬ ስላወጡለት አማካይ፣ ለራሴም ስለለገሱኝ አባታዊ ምክር ጎንበስ ብዬ፣ ያውም በሥራዬ የለመድኩትን ያህል ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜና ጤና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚሰማ ጆሮ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ እሰናበታለሁ።

ትእዛዝዎን ለመስማት ዘወትር የምጓጓ፣ መስማቴን ግን በየቀኑ ማረጋገጥ የማልችል፣
በጣቢያው የጎማ አዳማጭ

ግልባጭ፦
ለአንድ ሰዓት ተኩሉ ባቡር መንገደኞች በሙሉ፤
ለከተማው ድምፅ ቁጥጥር (መለኪያ ይዞ መምጣት ሳያስፈልግ)፤
ከላይኛው ፎቅ ለሚኖረው ልብስ ሰፊ፣ ከልብ የመነጨ ይቅርታ ጋር።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በሩ ላይ ስለጥፍ ከጎኑ ካለው ማስታወቂያ እንዳነበብኩት፣ ክቡርነትዎ የፊታችን ሐሙስ ስለ መንገደኞች ደህንነት ንግግር ለማድረግ በአንድ ሰዓት ተኩሉ ባቡር፣ በሁለተኛው ፉርጎ ይጓዛሉ። የሐሙስ ጆሮዬ ስንት እንደሚሆን ከአሁኑ ላረጋግጥልዎ ባለመቻሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ ለመስጠት ግን አይድከሙ፤ ሐሙስ ጠዋት ባቡሩ ላይ ከተሳፈሩ እንዳላነበቡት፣ በመኪናዎ ከሄዱ ደግሞ አንብበው በደንብ እንደገባዎት አውቃለሁ።